የጠባሴው ዓሣ ቤት፦ ምን ይገዛል፣ ምን ይታለፋል

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር፣ አስፋልት ዳር ያለው ዓሣ ቤት ጥሬ ዓሣ ይሸጣል፣ አብስሎም ያቀርባል። ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ሙሉ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጥብሱና የጭንቅላት ሾርባው ደጋግሞ የሚኬድላቸው ናቸው። ኮተሌቱ ጥሩ ነው። የካርፕ ጥብሱ አቆራረጡ እስኪስተካከል ድረስ ለልጅና ለአዛውንት አይቅረብ። በቅጡ ያልበሰለውን ለብለብ ማንም እንዲበላ አንመክርም። የቀረው ሁሉ ገዢው ዓሣውን በዓይኑ መለየት በመቻሉ ላይ የቆመ ነው፤ ቤቱም ለዚህ የሚመች ትልቅ በጎ ነገር አለው፤ ዓሣውን ጭንቅላቱን፣ ቅርፊቱንና ክንፉን ሳይቆርጥ በረዶ ላይ ደርድሮ ያሳያል። አብዛኛው ሻጭ ገፍፎና ሰንጥቆ በላስቲክ ከሚያቀርበው ጋር ሲነጻጸር ይህ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

የቤቱ ዋና ጉድለት ሁሉንም ዓሣ እንደ አንድ ሥጋ ማየቱ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ቆሮሶ፣ ካርፕና አምባዛ፣ አልፎ አልፎም የሚመጣው ነጭ ዓሣ፣ ሁሉም ክንፋቸው በቀጫጭን የአጥንት ጨረር የተወጠረ የአንድ ትልቅ ወገን አባላት ናቸው። ይህ ወገን ከ30,000 በላይ ዝርያ አለው፤ አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ሁሉ ግማሹን ያህል ይዟል። ስለዚህ «ዓሣ» ሲባል ዝምድናው የቅርብ ይመስላል እንጂ አይደለም። የአምባዛና የቆሮሶ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህም የሰውና የበሬ ሐረግ ከተለያየበት ዘመን እጥፍ በላይ ነው። የአጥንቱ አቀማመጥ፣ የስቡ መጠንና የቆዳው ዓይነት በየዝርያው ይለያያል። በአንድ ቢላ፣ በአንድ ዓይነት ሰንጠቅና በአንድ መጥበሻ ሁሉንም ማስተናገድ አንዱን አሳምሮ ሌላውን ያበላሻል። በዚህ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

ከቆሮሶ እንጀምር፤ ቤቱ በደንብ የሚያውቀው እሱን ነው። በጀርባው ላይ ያለው አንድ ረጅም ክንፍ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ከ15 እስከ 18 ጠንካራ እሾህ፣ የኋለኛው ከ11 እስከ 13 ለስላሳ ጨረር አለው። የጭራው ክንፍ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። በአፍንጫው በኩል በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ አብዛኛው ዓሣ ሁለት አለው። በጎኑ የሚሄደው መስመርም መሐል ላይ ተቋርጦ፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። እነዚህን አራት ምልክቶች ያየ ሰው ቆሮሶን ከሌላ ዓሣ አያምታታም። ሲነሳ ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው በሚያስተኛ እጅ ይያዝ፤ ከኋላ ወደ ፊት የያዘው ሰው እሾሁ መዳፉን ይወጋዋል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ጥብሱ የሚሳካው ለዚህ ዓሣ አካል የሚስማማ አሠራር ስላለ ነው። አብሳዩ በእያንዳንዱ ጎን በሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት ሦስት ሰያፍ ሰንጠቅ ያደርጋል። ለቆሮሶ ይህ በቂ ነው፤ ሰንጠቁ የሚያስፈልገው ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ወፍራም ሥጋ ከጭራው እኩል እንዲበስል ብቻ ነውና። ቆሮሶ የሚመደብበት ባለ እሾህ ክንፍ ወገን በሥጋው መሐል የሚበተኑትን ደቃቅ እሾሆች በዝግመተ ለውጥ ሂደት አጥቷቸዋል። የቀሩት አከርካሪው፣ የጎን አጥንቶቹና ክንፎቹን የሚሸከሙት አጥንቶች ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በሥጋው ውስጥ ጠልቀው በእያንዳንዱ የክንፍ እሾህ ሥር ተተክለዋል። በሳህን ላይ ሲቀርብ የጀርባውን ክንፍ ከጭራው በኩል ይዞ ወደ ጭንቅላቱ መሳብ ነው፤ በደንብ የበሰለ ከሆነ ክንፉ ከነተሸካሚ አጥንቶቹ እንደ ማበጠሪያ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የሆዱንም ክንፍ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሥጋው ከአከርካሪው በጣት ይለያል፤ ለልጅም ያለ ሥጋት ይሰጣል። ክንፉ እምቢ ካለና ሥጋ ይዞ ከተቀደደ መሐሉ አልበሰለምና ይመለስ።

የ300 ግራም ዓሣ በ175 ዲግሪ ዘይት ከ7 እስከ 9 ደቂቃ ይበቃዋል። ቤቱ ይህን የሚያበላሸው በረቡዕና በዓርብ ምሳ ሰዓት ነው፤ አምስትና ስድስት ዓሣ በአንድ መጥበሻ ሲከት የዘይቱ ሙቀት ይወርዳል፣ ቅርፊት የተላጠለት ቆዳ ቶሎ አይደርቅም፣ ዘይቱም ወደ ሥጋው ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሳህኑ ሥር ዘይት ካቆረ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከ6 ሰዓት በፊት የሄደ ከዚህ ይድናል። በሌላ በኩል ረቡዕና ዓርብ ዓሣው ቶሎ ስለሚያልቅ ትኩስ የሚገኝባቸው ቀናትም እነሱ ናቸው፤ በጾመ ነቢያት ደግሞ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ በረዶው። የዚህ ቤት ዓሣ በዋናነት ከዝዋይ ሐይቅ ይመጣል፤ ዝዋይ እስከ አዲስ አበባ 160፣ ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ዓሣውን አይገድለውም፤ የሚገድለው በረዶ ማነስ ነው። ትክክለኛው መጠን ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ነው፤ አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ ከላይም በረዶ፤ የቀለጠው ውሃ ደግሞ ከሣጥኑ ሥር መውጫ ይፈልጋል። ቤቱ ቀን ላይ ይህን ይጠብቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ግን ከተማው አመዳይ ስለሚጥል የላይኛው ረድፍ ያለ በረዶ ያድራል። «ብርዱ ይበቃዋል» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው አየር 5 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ዓሣ በ0 ዲግሪ ከሚበላሽበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ በ10 ዲግሪ አራት እጥፍ። አየር እንደ በረዶ ሙቀትን ከዓሣው አካል አይስብም፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። በተለይ ቆሮሶ ሳይጸዳ ማደር የለበትም። ይህ ዓሣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ በላተኛ ነው፤ ያንን ለመፍጨት ጨጓራው እጅግ አሲዳም ይሆናል (የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ2 በታች ይወርዳል)፣ አንጀቱም ከሰውነቱ ርዝመት ብዙ እጥፍ ነው። ዓሣው ሲሞት የምግብ መፍጫው ሥራ አይቆምም፤ ሆዱን ከውስጥ መብላት ይጀምራል። ሆዱ የላላ፣ የጎን አጥንቶቹ ከሥጋው ተላቀው የሚታዩ ቆሮሶ በዚህ መንገድ የተጎዳ ነውና አይገዛ።

ከሣጥኑ ሲመረጥ የመጀመሪያው ሥራ ዓሣው በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን የስንጥቡን ክዳን ማንሳት ነው። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ዝልግልጉም ጥርት ያለ ይሁን፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ወተት የመሰለ ዝልግልግ ካለው ይተው። ዓይኑ ወደ ውጭ ያበጠና ጥቁሩ የጠራ ይሁን። ነገር ግን በረዶ በቀጥታ የነካው ዓይን ሳይበላሽም ይደበዝዛልና በዓይን ብቻ አይፈረድ። ሥጋው በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ይመለስ። ለገዢ ፈቃድ ጠይቆ ይህን ማድረግ በዚህ ቤት አያስቆጣም፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ክዳኑን ከፍተው ያሳያሉ።

ካርፕ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ካርፕ ወደ ዝዋይ በሰው የገባ ባዕድ ዓሣ ነው፤ ዛሬ በሐይቁ በብዛት ከሚያዙት አንዱ ሆኗል፣ በዋጋም ከቆሮሶ ይረክሳል። ትልልቅ ቅርፊት፣ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም፣ ረጅም የጀርባ ክንፍና በዚያ ክንፍ ፊት ላይ መጋዝ የመሰለ አንድ ጠንካራ እሾህ አለው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሶቹ ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ለበላተኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥጋው ውስጥ ያሉት ደቃቅ እሾሆች ናቸው። በአንድ ካርፕ 100 ያህል ይገኛሉ፤ ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ከአከርካሪው ጋር አልተያያዙም፣ በጡንቻ ንብርብሮቹ መካከል በተለይ በጀርባና በጭራ በኩል ተሰክተዋል። ጥንታዊ ዓሦች የነበራቸውን ይህን ነገር ካርፕ አልተወውም። አከርካሪውን በማውጣት እነሱን ማውጣት አይቻልም።

ቤቱ ካርፑንም ልክ እንደ ቆሮሶው በሦስት ሰንጠቅ ይጠብሰዋል፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት እሾሁን ሙሉውን ይተወዋል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆመውም ያ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቢላው በደንብ ይሳል፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጭራው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ልዩነት፣ እስከ አከርካሪው ጠጋ ብሎ ይሰንጠቅ። ቢላው ሲሄድ እሾሁ ሲቆረጥ ጭርጭር የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ጨው ነክቶ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ማድረቅ፣ በ180 ዲግሪ ዘይት ከ10 ደቂቃ በላይ መጥበስ ነው። ተቆራርጠው ያጠሩት እሾሆች በዘይቱ ደርቀው ከሥጋው ጋር ይታኘካሉ። አብሳዩን ቀድሞ በዚህ መንገድ እንዲሠራ መጠየቅ ይቻላል፤ ፈቃደኛ ናቸው፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ኮተሌታቸው የተዋጣለት በዚሁ ምክንያት ነው። የሚሠራው ከካርፕ ነው፤ በመፍጫ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ስለዚህ እሾሁ አይሰማም። የካርፕ ሥጋ ጨው ሲነካው ስለሚጣበቅ እንቁላል ሳይገባበት ቅርጹን ይይዛል። ለጾመኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዱለቱም ከካርፕ ከሆነ በጣም ደቅቆ መከተፍ አለበት፤ አንዳንድ ቀን ከተፋው ሻካራ ሆኖ ይገኛል፣ ያን ጊዜ ቀስ ተብሎ ይበላ።

ነጭ ዓሣ ሲመጣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዝምድናቸው እጅግ የራቀ ሁለት ዓሦች በዚህ ስም ይሸጣሉ። የጣና ከሆነ የካርፕ ዘመድ ነው፤ አንድ አጭር የጀርባ ክንፍ፣ ትልልቅ ቅርፊት፣ ብዙ ደቃቅ እሾህ፤ የካርፕ አቆራረጥ ይፈልጋል። የጫሞ ወይም የአባያ ከሆነ ግን የፊተኛው ሰባትና ስምንት ጠንካራ እሾህ ያለው፣ የኋለኛው ለስላሳ የሆነ የጀርባ ክንፍ፣ ሰፊ አፍና ስብ ያለው ነጭ ሥጋ አለው፤ ደቃቅ እሾህ የለበትም፣ ለጉላሽ ከሁሉ ይመረጣል። ክንፉን ማየት ጥያቄውን ይፈታል።

ስለ ፊሌቶ አጭር ሐሳብ። ከ1 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ወደ 330 ግራም ነው። ስለዚህ የፊሌቶው ኪሎ ዋጋ ከሙሉው ዓሣ ሦስት እጥፍ በታች ከሆነ ወይ የቆየ ነው ወይ ሌላ ዓሣ ተቀላቅሎበታል ብሎ መጠርጠር አግባብ ነው። በጣት ከጭራ ወደ ጭንቅላት ሲዳሰስ የሚጎረብጥ ደቃቅ እሾህ ካለ ቆሮሶ አይደለም። በዚህ ቤት ሙሉውን አስመዝኖ ፊት ለፊት ማስገፈፍ ይቻላል፤ ጭንቅላቱንና አከርካሪውንም ለሾርባ ይሰጣሉ። ሌላ ሰው ቀድሞ የገፈፈው ፊሌቶ የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ሾርባው የቤቱ ኩራት ነው፤ የአገሩም አየር ይረዳዋል። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና የበሬ ቅልጥም በዚህ ይዘገያሉ። የዓሣ ሥጋን የሚያያይዘው ክር ግን ከበሬው በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ ዓሣ የሚኖረው በውሃው ሙቀት ልክ እንጂ እንደ ከብት 38 ዲግሪ በሆነ ገላ አይደለምና። ዝቅ ያለው ፍላት ሾርባውን ሳያናውጥ ያወጣዋል። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲፈላ ይደፈርሳል፣ አጥንቱም ይበታተናል። መረቁ ሲበርድ እንደ ጄሊ ከረጋ ጭንቅላቱና ክንፉ የሚገባቸውን ሰጥተዋል ማለት ነው። የቤቱ መረቅ ይረጋል።

አልፎ አልፎ የሚመርር ከሆነ ሦስት ነገሮች ይፈተሹ። አንደኛው ስንጥቡ ሳይወጣ መቀቀሉ ነው፤ ደምና ባክቴሪያ የሚከማችበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከአከርካሪው ሥር ተጣብቆ የሚሄደው ጥቁር ቀይ መስመር ነው፤ ብዙ ሰው የረጋ ደም ይመስለዋል፣ ኩላሊቱ ነው። በማንኪያ ጫፍ ተፍቆ ይታጠብ። ሦስተኛው በጽዳት ጊዜ የፈነዳ ሐሞት ነው፤ አረንጓዴ የሆነው ቦታ ተቆርጦ ይጣል እንጂ በውሃ አይለቅም። የካርፕ ጭንቅላት ለሾርባ ሲቆረጥ ደግሞ ቢላው የሚያቅተው ጠንካራ ጉብታ አለ። የመጀመሪያዎቹ አራት የአከርካሪ አጥንቶች ተለውጠው የአየር ከረጢቱን ንዝረት ወደ ጆሮ የሚያደርሱ ትንንሽ አጥንቶች የተሠሩበት ቦታ ነው፤ ካርፕና አምባዛ ከቆሮሶ አሻሽለው የሚሰሙት በዚህ ነው። ከጉብታው ኋላ ሲቆረጥ ቢላው ያለ ችግር ያልፋል።

አምባዛን በተመለከተ ቤቱ ሊያስተካክለው የሚገባ ነገር አለ። ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ የሚበላ ብዙ ደንበኛ በአካባቢው አለ፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቢላው፣ መክተፊያውና ዘይቱ ይለያል ይላሉ፣ ሰው ሲበዛ ግን መክተፊያው አንድ ሲሆን ይታያል። ይህን በግልጽ መለየትና በግልጽ መጻፍ ለደንበኛ የሚገባ አክብሮት ነው።

ለሚበላው ሰው አምባዛ በሕይወት እያለ የሚገዛ ብቸኛው ዓሣ ነው። ከስንጥቡ በላይ ከስንጥብ ቅስቶች የበቀለ፣ ዛፍ የመሰለ የአየር መተንፈሻ ስላለው በእርጥብ ጆንያ ረጅም መንገድ ይችላል። አየር መተንፈስ ለባለ ጨረር ክንፎቹ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጥንቶቹ ሳንባ ነበራቸው፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ውስጥ ለመንሳፈፊያ የሚያገለግለው የአየር ከረጢትም የዚያ ሳንባ ዘር ነው። በጋምቤላ ባሮ ወንዝ የሚኖረው ቢቺር የሚባል ዓሣ እስከ ዛሬ በሁለት ሳንባ ይተነፍሳል። አምባዛ ግን የራሱን መሣሪያ እንደገና ከስንጥቡ ሠራ። ይህ ጥንካሬው ይጎዳዋል፤ ቤቱ ወለል ላይ ጥሎ እስኪሞት ይጠብቃል። ረጅም ጭንቀት ያለፈበት ሥጋ ቶሎ ይደርቃል፣ ይላላል፣ ለእንስሳውም ሥቃይ ነው። በራሱ ላይ አንድ ጠንካራ ምት፣ ወዲያው ከስንጥቡ ሥር ደሙን ማፍሰስ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በበረዶ ውሃ ማቆየት ነው ትክክለኛው አሠራር። ዝልግልጉ በጨው ይታሽና በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

የጭቃ ጠረኑ የሚመጣው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በውሃ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ሕዋሳት ይሠሩታል፣ በስንጥቡ ገብቶ በስቡ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የሆድ ስቡንና በጎኑ ያለውን ቀይ ሥጋ መቁረጥ ብዙውን ያስወግዳል። ሎሚ ይረዳል፤ አሲድ ጂኦስሚንን ይለውጠዋልና። ለ1 ኪሎ ሥጋ የ3 ሎሚ ጭማቂ 20 ደቂቃ ይበቃል። የቤቱ የአምባዛ ጉላሽ ሎሚው የሚገባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጠረኑ ይቀራል።

ለብለቡ ላይ ልመናችን ጠንከር ያለ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ በልቡ ዙሪያ የኮንትራሲከም ትል እጭ ይገኛል፣ በሥጋውና በስንጥቡ አካባቢም ክሊኖስተመም የሚባል ቢጫ ትል ይታያል። ሁለቱም ዓሣ ከሚበሉ ወፎች ጋር የሚዞሩ ናቸው፤ በጥሬው ሲበሉ ግን ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል እንጂ እጩን አይገድለውም። የሚገድለው ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ነው፤ የቤቱ ማቀዝቀዣ ደግሞ በረዶ መሥሪያ ብቻ ነው። ጥብሱ ይህን ያህል ጥሩ ሆኖ ሳለ ለብለብ ከዝርዝሩ ቢወጣ ቤቱ ምንም አይጎድልበትም።

ገዝቶ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው እዚያው አስጸድቶ፣ ስንጥቡን አስወጥቶ፣ ሆዱን በበረዶ አስሞልቶ ይውሰድ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ቆላው ሲወረድ ሙቀቱ በፍጥነት ስለሚጨምር ለ2 ኪሎ ዓሣ ከ2 ኪሎ በላይ በረዶ ይያዝ፤ ላስቲኩ ሥር በመርፌ ይበሳና ውሃው ወደ ሌላ ዕቃ ይውረድ። ቤቱ በረዶውን ከዓሣው ለይቶ ይሸጣል፤ ከዓሣ ገዢ ግን እስከ 1 ኪሎ አያስከፍልም።